አቼቶ ያልጎዳው ጥርስ

ሐጂ ሽናዋ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ሴት ልጅ የከለከላቸው ቤት የለም ይባላል። ለራሳቸው የጠየቁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሷም ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ለልጆቻቸው፣ ለወንድሞቻቸው ልጆች፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይዞ ለለመናቸው ሰው ሁሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። እዚህ ኢራቅ፣ ሳማዋ ከተማ ውስጥ፣ ልጁ ሥራ ከሌለው ወይም የአባቱ ስም ከጎደፈ ምክሩ አንድ ነው፤ "ሐጂ ሽናዋን ያዙ"። ድሮ የበግ ደላላ ነበሩ። አንድ ዓይኑ የጠፋ ሙክት ገበያ አውጥተው፣ "ይሄ በግ የሰው ጓሮ አያማትርም" ብለው የሸጡ ሰው ሥራ ፈት መዳር አያቅታቸውም።

እኔ የሰፈሩ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በእኔ መኪና ስለሆነ፣ እኔም ተከትዬ እገባና በሩ ሥር፣ ጫማው ከሚወልቅበት አጠገብ እቀመጣለሁ። ደንባችን ቀላል ነው። ሻይ ይቀርባል፤ ማንም አይነካውም። በዕድሜ ትልቁ ይናገራል። የልጅቷ አባት "ሻያችሁን ጠጡ" ካለ ተሰጥታለች። ካላለ ሻዩ እንደቀረበ ይቀራል፣ እንግዶቹም ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ትልቁ ካልተናገረ ደግሞ ልጅቷ ጨርሶ አልተጠየቀችም፤ የሌላው ሰው ንግግር ጨዋታ ነው።

እንግዲህ የሐጂ ሽናዋ ጥርስ የላዩም የታቹም ሰው ሠራሽ ነበር። ገበያ ውስጥ የነበረው ጥርስ ሠሪ ከሪም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሠራላቸው ነው። ማታ ማታ የተምር አቼቶ በውሃ አቅጥነው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል አድርገው ይዘፈዝፉታል። ሐሙስ ሐሙስ ሬሳ በሚታጠብበት በቁርቁራ ቅጠል ውሃ ያጥቡታል። እንደሚያደርጉት እንጂ ሲያደርጉት ያየ ሰው የለም። ክፍላቸው ገብተው ከቆለፉ በኋላ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እስኪነጋ "እሳት!" ብለው አይጮኹም፤ አፋቸው ባዶ ነዋ። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች፣ "ስድስት ልጅ ወልጄለት ድዱን ሳላይ ልሞት ነው" ትል ነበር። እንዳለችውም ሆነ።

በዚህ በአቼቶው ነገር ሻይ ቤት ውስጥ፣ እንደሳቸው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ከሆነው ከሐጂ ጂያድ ጋር የማያልቅ ክርክር ነበራቸው። የጂያድ ልጅ ስዊድን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላ የጥርስ ማጽጃ እንክብል ይልክለታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጥርስህን ሰላጣ አደረግከው እኮ" ይላል ጂያድ። "አቼቶ ፕላስቲኩን ይበላዋል። አንድ ቀን የሰው ልጅ ስትጠይቅ አፍህ ውስጥ ፍርክስክስ ይላል።"

"ያንተስ? ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያድራል። ጥርስ ነው ወይስ ሩዝ?"

"ሳይንስ ነው።"

"ሳይንስ ከሆነ ለምን ልጅህ ራሱ አይመጣም? እንክብሉን ብቻ የሚልከው?"

እዚህ ላይ ጂያድ ሻዩን ያማስላል። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ነው የሚያማስለው።

ሐጂ ሽናዋ የሚኖሩት ከልጃቸው ከጃሲብ ጋር ነው። ጃሲብ ደግ ሰው ነው፤ ግን ከሦስት ሰው በላይ ፊት ሲናገር ላብ ያጠምቀዋል። ሚስቱን ኒዳልን አያልባትም፤ የምትናገረውም ለእሱ ጭምር ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ወሳም ሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራል። ታላቋ ጉፍራን የጥርስ ሐኪም ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ወደ ሰሜን፣ ሌላ ከተማ ሄዳ ትማራለች። የጥናቷ ርዕስ ሲሰማ ሐጂ ሽናዋ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው የልጅቷን ግንባር ሳሙ። በቤት ውስጥ ያሉ ማጽጃዎች፣ አቼቶው፣ ቁርቁራው፣ የሮማን ልጣጩ፣ ቅርንፉዱ፣ የሰው ሠራሽ ጥርስን ጥንካሬ ይቀንሱ እንደሆን ማጣራት ነው።

ለዕረፍት ስትመጣ የእናቷ ማድ ቤት በብልቃጥ ተሞላ። ጣት የሚያካክሉ ሮዝ የፕላስቲክ ቁራጮች በየብልቃጡ ተዘፍዝፈዋል።

"የሰው ልጅ ተምሮ ሆስፒታል ይከፍታል" አለች ኒዳል። "የኔዋ ተምራ ኮምጣጣ ትጠምቃለች። ጎረቤታችን ትናንት መጥታ፣ ይሄ ሮዙ ምንድን ነው፣ ሥጋ ነው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሻት?" አለች ጉፍራን።

"የአማቴ ድድ ነው አልኳት።"

ጉፍራን አያቷን የጠየቀቻቸው ምሳ ከተነሣ በኋላ ነው። እኔም ኒዳልን ገበያ አድርሼ የመለስኳት ዕለት ስለሆነ ተጋብዤ ተቀምጬ ነበር።

"አባባ፣ እኔ የዘፈዘፍኩት አዲስ ፕላስቲክ ነው። የእርስዎ ግን ዕድሜ ልኩን አቼቶ የጠጣ ነው። እንደዚህ ያለ የትም አይገኝም፤ መምህሬ ሲሰማ ጆሮውን አላመነም። ብንፈትነው ደስ ይለኛል።"

"ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ማሽን አለ። ከላይ ሆኖ መሐሉን ይጫነዋል። ምን ያህል እንደሚችል ቁጥሩን ያሳያል።"

ሐጂ ሽናዋ ይህን ለመረዳት ሰከንድ አልፈጀባቸውም። በግ ገበያ ላይ ገዢ መጥቶ የሙክቱን ወገብ በመዳፉ ይጫናል። ያልተለመጠ በግ ጠንካራ ነው። ተጭነውት፣ ችሎ፣ በግ እንደሆነ ይቀጥላል።

"ይጫነው!" አሉ። "እንደፈለገ ይጫነው። የጂያድንም ልጠይቅልሽና አብረሽ ውሰጂው?"

"የእርስዎ ይበቃል። አዲስ ደግሞ ኮሌጁ ያሠራልዎታል፤ ልኩን ነገ እዚህ እወስዳለሁ።"

"ደግ ነው። ቅያሪ ይኖረኛል።"

ልጅቷ የነገረቻቸው መሰላት፤ እሳቸውም የገባቸው መሰላቸው። በማግስቱ ልኩን በሰም ወሰደች፤ እሷ ጀርባዋን አዙራ፣ ሰሙን እሳቸው ራሳቸው እየነከሱ። ልትሄድ ስትል፣ ሐጂ ሽናዋ ክፍላቸው ገብተው ቆለፉና ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው በበሩ ስንጥቅ አቀበሏት። ለጥቂት ቀን ነው ብለው ነው። ወሳም ሐውራን የሚጠይቅበት ቀን ገና ሩቅ ነበር፤ ሳፈር ወር አልወጣም፣ በዚህ ወር ደግሞ ማንም ጋብቻ አያነሣም።

ሐውራ የመምህር ናጂህ ልጅ ናት። መምህር ናጂህ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ከተማው ውስጥ ግማሹን ወንድ ገርፈዋል፤ እኔንም ጭምር። ወሳምና ሐውራ ይዋደዳሉ። እንዴት እንደተዋደዱ አልነገሩኝም፣ ግን ልጅቷ ፋርማሲ ትሠራለችና ወሳም በዚያ ዓመት ራሱን የማያመው ቀን አልነበረም። አባቷ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ከምንም በላይ የሚያስቀድሙ ሰው ናቸው። "በቃል ይምጣ" ብለዋል አሉ፤ "አያቱ ይምጡና አምረው ይጠይቁኝ፤ ለልጄ ማንም የማይረሳው ንግግር እፈልጋለሁ።"

ጉፍራን የተመለሰችው ፈገግ ብላ ነው። አያቷ ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል፤ በጥቁርና ነጭ የራስ ሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። ከሄደች ጀምሮ እንደዚያው ነበሩ፤ ምግብ ክፍላቸው ይገባላቸዋል፣ ማንም አብሯቸው አይበላም።

"አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አቼቶው ምንም አላደረገውም። አዲሱ ፕላስቲክ በተሰበረበት ጭነት ነው የእርስዎም የተሰበረው። እንዲያውም ትንሽ በልጦ!"

ከቦርሳዋ ትንሽ ላስቲክ አወጣች። ውስጡ ጥርሶች ነበሩ፤ ጥርሶች ብቻ፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ከሮዝ ስባሪ ጋር። ማሽኑ ቀጥ ያለ ነገር ስለሚፈልግ አስቀድመው በመጋዝ ቆራርጠውት ነበር።

ሐጂ ሽናዋ ላስቲኩን ተቀበሉና ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

"አባባ? ነግሬዎት ነበር እኮ… ጥንካሬው በሌላ መንገድ አይታወቅም። እስኪሰበር ካልተጫነ ቁጥሩ አይወጣም።"

ሐጂ ሽናዋ ተነሡ፣ ክፍላቸው ገቡ፣ በሩም ተቆለፈ።

"ሙታንን ያጥባሉ እንጂ አይፈጩም" አለች ኒዳል። ከዚያ ግን ልጇ ስታለቅስ አይታ፣ "ነይ ብይ፣ ነይ፤ አዲሱ ደርሷል አላልሽም?" አለቻት።

አልደረሰም። ልኩ ኮሌጁ ደርሷል፤ ጥርሱ ግን ገና አልተሠራም። ቢሆንም ጊዜ አለ ተባለ። ነገሩ የተበላሸው የሐውራ አጎት ከዴንማርክ ሲመጣ ነው። የሚመለስበት ቀን ቀረበ፤ እሱ ሳይሄድ ይጠየቅ ተባለ። ሳፈር እንደወጣ፣ በሚቀጥለው ዓርብ።

ጃሲብ ቤት ምክክር ተያዘ። ሐጂ ሽናዋ በራቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ እዚያው ክፍላቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ።

"የሐጂ ጂያድን ተውሰን ለአንድ ማታ…" ሲል ጀመረ ጃሲብ።

ከሻርፑ በላይ ያለው ዓይን አየውና ተወው።

"የሟቿ የእማማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ" አለች ኒዳል። "ንጹሕ ነው። የሴት ስለሆነ ትንሽ ይጠብብዎት ይሆናል እንጂ…"

በሩ ተዘጋ።

ወሳም በሩ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ቆመ። "አባባ፣ ያለ ጥርስም ቢሆን እርስዎ እርስዎ ነዎት። ሁለት ቃል ይበቃል፤ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፣ አለቀ።" ቆይቶ ከውስጥ ሦስት ጊዜ በጣት ተንኳኳ። እሺ ማለት ይሁን፣ ሂድልኝ ማለት ይሁን የሚያውቅ የለም። እሺ ነው ብለን ወሰድነው። ጃሲብ ይናገራል፣ ሐጂ ይቀመጣሉ፤ ጉሮሮአቸውን አሟቸዋል ይባላል።

ዓርብ ሄድን። የመምህር ናጂህ ሳሎን በሰው ጢም ብሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማል፤ የሐጂ ሽናዋን ንግግር ሊሰሙ ከጎረቤት ሳይቀር መጥተዋል። ሻይ ቀረበ። ሐጂ ሽናዋ ከላይ፣ ከመምህር ናጂህ ጎን፣ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀመጡ።

ጃሲብ ተነሣ። "ቢስሚ… እኛ… ማለት… ዛሬ የመጣነው…" ላቡ ሻዩ ላይ ጠብ ሲል አይቻለሁ። እንደምንም ጨረሰው።

መምህር ናጂህ ጃሲብን አላዩትም። "ሐጂ፣ እርስዎን እንጠብቃለን" አሉ።

"አባቴ ጉሮሮአቸውን…"

"አንድ ቃል። ከእርስዎ አንድ ቃል ይበቃኛል።"

ሐጂ ሽናዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ ነው ትርጉሙ፤ ሁላችንም አየን።

መምህር ናጂህ ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ይህን ለእሳቸው መመስከር አለብኝ። "ራስ የሚነቀነቀው በግ ገበያ ነው፣ ሐጂ" አሉ። "ሴት ልጅ በአፍ ትጠየቃለች። ልጄ መጋረጃው ጀርባ ናት፤ ትስማዎት።"

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሹክሹክታ ቆመ። አጎትየው ስልኩን አውጥቶ ወደ ሐጂ ዞረ፤ ዴንማርክ ወስዶ ሊያሳይ ነው። ወሳም እኔ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። የአያቱን እጅ ያያል። የሐጂ እጅ ወደ ሻርፑ ጫፍ ሄደ። ያዘው። ትንሽ ዝቅ አደረገው፤ አገጫቸው ታየ። ያለ ጥርሱ ፊታቸው ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሌላ ሰው መስለው ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች እንጃ፣ ስለ ምን እንደሆነም እንጃ፣ ፍርስ ብላ ሣቀች።

ሻርፑ ተመልሶ ወጣ። ሐጂ ሽናዋ ቀና ብለው ተነሡ፣ ሳሎኑን እያቋረጡ ወደ በሩ መጡ፣ እኔ አጠገብ ቆመው ጫማቸውን አደረጉ። ትልቁ ሲነሣ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ተነሣን። ሻዩ ሁሉ እንደሞላ ቀረ።

መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ ወሳም ከኋላ ሆኖ፣ "አንድ ቃል፣ አባባ። አንድ ቃል" አለ። በመስታወቱ አየኋቸው። መስኮቱን ነው የሚያዩት።

ከተማው በነጋታው ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ሐጂ ሽናዋ የሚያህሉ ሰው ዝም ብለው አይነሡም፤ አንድ ነገር አይተው ነው። ምን አዩ? አንዱ የእናቷን ወገን አለ፣ አንዱ ፋርማሲውን አለ፤ ሴት ልጅ እስከ ምሽት እዚያ ትውላለች። የዴንማርኩ አጎት አሳማ ይበላል ያለም ነበር። ሐጂ ሽናዋ ሻይ ቤት እየመጡ፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ሁሉንም ይሰማሉ። አንዱንም በእጃቸው እንኳ "አይደለም" አላሉም።

አዲሱ ጥርስ ሲመጣ መጀመሪያ ያንቋቋ ነበር። ከዚያ ተስማማቸው። በመጀመሪያው ቀን ሻይ ቤት ገብተው ጂያድ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ያ ጥርሴ ኮሌጅ ገብቶ ተፈተነ" አሉ። "በአቼቶ ምንም አልሆነም። ልጅቱ በቁጥር አሳይታኛለች።"

"ታዲያ የት አለ?"

"ተጫኑት፣ ቻለ፣ ቻለ፣ በክብር ሞተ። ያንተን እንፈትነው?"

"የኔ ይቆየኝ" አለ ጂያድ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያኛው ዓርብ ምን አይተህ ነው ግን?" አለ።

ሐጂ ሽናዋ ብርጭቋቸውን አዞሩ። እኔ ሁለት ወንበር ርቄ ነበርኩ። እውነቱን ከቤተሰቡ ውጪ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ አላዩኝም። ከዚያ ተናገሩ። እኔ ብዙ ንግግራቸውን ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አምረው አያውቁም። ቤት ስትገባ የሚናገርህ ነገር አለ አሉ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አባትየውም ጨዋ ነው፣ አንድም የሚነቀፍ የለም፤ ነገር ግን ሁለት ቤት ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ይህን በቃል ብናገር ሰው አዋርዳለሁ፣ ስለዚህ በዝምታ ተነሣሁ አሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዱ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። ለዚያ ሳሎን የተዘጋጀው ንግግር እዚህ ነው የዋለው።

ቤት ውስጥ ጉፍራን፣ "አባባ፣ ጥርስ ስላልነበረዎት ነው እኮ!" አለቻቸው አሉ።

"ጥርስ ቢኖረኝም አልናገርም ነበር" አሏት።

እኔ እንደማምነው፣ በዚያን ጊዜ እሳቸውም አምነውታል።

ወሳም አንድ ሳምንት ለመናቸው። ተመልሰው ይሂዱ፣ እውነቱን ይናገሩ። "ሰው ከቃሉ ይመለሳል፤ እኔ ምን ብዬ ነበርና ነው የምመለሰው?" ይሉታል። በመጨረሻ ልጁ እኔ ዘንድ መጣ። "ራሴ ልሂድ፤ አድርሰኝ" አለኝ። ብቻውን መግባት ስለፈራ አብሬው ገባሁ።

"መምህር" አለ ገና ሳይቀመጥ፣ "አያቴ ጥርስ አልነበራቸውም።"

መምህር ናጂህ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን?"

"እህቴ ለጥናት ወስዳ ሰበረችው። አፋቸው ባዶ ነበር፤ አፈሩ። ሌላ ምንም የለም። በልጅዎም በቤትዎም ላይ ምንም የለም።"

መምህር ናጂህ መጀመሪያ ሣቁ። የምር ሣቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ወሳምም ሣቀ፤ ነገሩ የተፈታ መስሎት ነው። ከዚያ ሽማግሌው ሣቃቸውን አቆሙና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"ይህን ለማን ነግረሃል?"

"ለማንም።"

"ጥሩ። ለማንም አትናገር።" ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። "ስማኝ ልጄ። አሁን ሰው የሚያውቀው ሐጂ ሽናዋ የሚያህል ሰው አስቦበት ተወ ነው። ለወንድሞቼ፣ 'ሽማግሌያቸው አልተስማማም፣ መብቱ ነው' ብያቸዋለሁ። ይሄ ያሳዝናል፤ ግን ክብር አለው። አንተ ያልከውን ብናገርስ? የናጂህ ልጅ በጥርስ ምክንያት ቀርታ፣ ጥርሱ ሲገኝ ተዳረች ነው የሚባለው። በሠርጓ ዕለት ይሣቅባታል። የምትወልዳቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ይሣቅባቸዋል። እኔ ትምህርት ቤት ኖሬያለሁ፤ ልጆች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።"

"ሐውራስ? እሷን ጠይቀዋታል?"

"ባስራ ላለው ያክስቷ ልጅ ትናንት ተጠይቃለች" አሉ መምህር ናጂህ። "ሰጥተናል።"

ወሳም ቆሞ ቀረ። እኔ ነኝ ክንዱን ይዤ ያወጣሁት። መኪና ውስጥ ራሱን ፊት ለፊቱ ባለው ብረት ላይ ደግፎ እስከ ቤት ድረስ አላነሣውም።

ሐጂ ሽናዋ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ኪያር በጨው ይበሉ ነበር።

"የት ነበርክ?"

"መምህር ናጂህ ዘንድ።"

ማኘካቸውን አቆሙ። "ምን አለ?"

ልጁ እኔን አየኝ። ከዚያ አያቱን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ሊናገር የነበረው ሌላ ነገር እንደነበር አፉ ላይ አይቼዋለሁ።

"አስበውበት ነው የተዉት አሉ" አለ ወሳም። "ክብር ያላቸው ሰው ናቸው አሉ።"

ሐጂ ሽናዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ናጂህ ድሮም የሚገባው ሰው ነው" አሉና ኪያራቸውን ነከሱ። አዲሱ ጥርስ ጥሩ ይቆርጣል።